ማማረር የተማርኩበት የዝናብ ወራት

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

ደብተሩን የገዛችልኝ የልጅ ልጄ ዲና ናት። የነርቭ ሐኪሞቹ እጅሽ በየቀኑ እንዴት እንደዋለ ጻፊ ብለውኛል። እጄ እንዴት እንደዋለ ለማወቅ ግን የጻፍኩትን ማንበብ አያስፈልግም፤ ማየት ይበቃል። ከላይ ያለው የተረገጠ ጥንዚዛ «ደ» ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ ባለቤቴ ሙሐመድዘይን አንብቦ በሚተዋቸው ጋዜጦች፣ ያለ አስተማሪ። ስለዚህ ጽሕፈቴ ድሮም አያምርም ነበር። አሁን ኦክላንድ ላይ፣ በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ ግራ እጄ ቀኟን አንቃ ይዛ ነው የምጽፈው። በሽታው ገዳይ አይደለም። ሻይ ያስደፋል፣ ቁልፍ ያስጥላል፣ ሰው ፊት ያሳፍራል፤ ሌላ ምንም አያደርግም።

ሙሐመድዘይን ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። መንቀጥቀጡ የጀመረኝ እሱ ባረፈ በዓመቱ ነው። ሐኪሞቹ ሁለቱ አይገናኙም ይላሉ። እኔም አይገናኙም እላለሁ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 6

ሾርባ። ግማሹ ምንጣፍ ላይ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ። ለአፌ የደረሰው ጥሩ ነበር።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 12

ዛሬ ረጅም ነው። እጄን እያሳረፍኩ እጽፈዋለሁ።

ልጄ ሒክማ ከሳን ሆዜ መጥታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ትራን ትባላለች። ቁመቷ ከትከሻዬ አይበልጥም፤ ሥራዋ የሰው ራስ ቅል መብሳት ነው። ለእኔ አስተርጓሚ ተጠርቶ ነበር፤ አቶ ፍሬምናጦስ የሚባል፣ ክራቫት ያሰረ፣ ሲናገር ዜና የሚያነብ የሚመስል ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተሯ አንድ ቀጭን ሽቦ አንጎሌ ውስጥ ታስገባለች። ከሽቦው ጫፍ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ ባትሪው ከአንገት አጥንቴ በታች ከቆዳዬ ሥር ይቀበራል። ኤሌክትሪኩ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ዝም ያሰኘዋል። ይህ ሁሉ እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ ግን ሽቦው ሲገባ ነቅቼ እንደምቆይ ነገረችኝ።

«ለምን አታስተኙኝም?»

«እኛ ጋ የምንሠራው እንዲህ ነው። ሽቦው ትክክለኛው ቦታ መድረሱን የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት» አለች በአቶ ፍሬምናጦስ አፍ። «ኤሌክትሪኩን ከፍ ሳደርግ ምላስ ሊከብድ፣ ከንፈር ሊጎተት፣ ጣት ሊደነዝዝ ይችላል። ያኔ ካልነገሩኝ የተሳሳተ ቦታ ላይ ትቼው እወጣለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

ይህ ሲባል ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ጠቅልላው ነበር። ማሽኑ ምን እንደነካው እንጃ፤ ነፋ፣ ነፋ፣ መልሶ አልተነፈሰም። ጣቶቼ መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥለው ጠቆሩ። ሰው ሥራ ላይ እያለ አይረበሽም ብዬ ዝም አልኩ። ዶክተሯ «እንዴት ነዎት?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ? ልጆችዎ ደህና ናቸው?»

አቶ ፍሬምናጦስ ልጆቹንም ጨምሮ ተረጎመው። ዶክተሯ ልጅ የለኝም አለችና እጄን አየች። ነርሷ ሮጣ መጣች። ማሽኑ ተፈታ። ሰንበሩ እስካሁን አለ፤ የእጅ አምባር ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ዶክተሯ ሒክማን ወደ ጥግ ወስዳ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረቻት። እኔ ጋ የደረሰው «ካንት» የሚለው ብቻ ነው። ቀሪውን የሰማሁት መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሒክማ የማልሰማት መስሏት ለባሏ ለአክረም ስትደውል ነው። «እሷ እኮ እሳት ውስጥ ሆናም ሞቅ አለኝ ነው የምትለው» አለችው። «ዶክተሯ ጃንዋሪ ሃያ ሁለትን ይዛልናለች። እስከዚያ የተሰማትን መናገር ካልተማረች ግን አልሠራላትም ብላለች።»

መኪና ውስጥ ሒክማ «እማዬ፣ ሁሉም ጥሩ ነው» አለችኝ። ልጄ በእኔ ነው የወጣችው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 14

ሮማነወርቅ ነገሩን ሰማች። ከእኔ በላይ ያለው ቤት የምትኖር የደሴ ሴት ናት። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት። ከፈጣሪ በታች ባለ ነገር ሁሉ ታማርራለች፤ በአሳንሰሩ፣ በፖስተኛው፣ በጨረቃ።

«እኔ አስተምርሻለሁ» አለች። «ለዚህ ነገር ዩኒቨርሲቲ ቢኖር ፕሮፌሰር ነበርኩ።»

ትምህርቱ ወዲያው ተጀመረ።

«እንዴት አደርሽ?»

«ደህና...»

«ውጪ።»

ከገዛ ቤቴ አስወጥታ ኮሪደሩ ላይ አቆመችኝ። አንኳኩቼ ገባሁ።

«እንዴት አደርሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ...»

«ትንሽ ምን?»

«ትንሽ ደህና።»

ሦስት ጊዜ ወጣሁ። በአራተኛው ወገቤን አልኩ። አጨበጨበችልኝ። ወገቤን አላመመኝም ነበር፤ ግን ደስ ካላት ብዬ ነው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 22

ዲና ማቀዝቀዣው ላይ ሰንጠረዥ ለጠፈችልኝ። አንድ ባማረርኩ ቁጥር አንድ ኮከብ ታደርጋለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ የምላትን ሁሉ ትሰማለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ እኔ ደግሞ ቅንድቧን እያየሁ እረዳታለሁ።

«ዝናቡ በዛ፣ ግን ለምድሩ ጥሩ ነው» አልኳት።

ቅንድቧ ወረደ። «ኖ እማማ። ኖ "ግን"።»

«ዝናቡ በዛ።»

አንድ ኮከብ አገኘሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ሰርተፊኬት መሆኑ ነው።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 31

የሆስፒታሉን የስምምነት ወረቀት በአማርኛ ልከውልኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥቅሙ ሩብ ገጽ፣ ጉዳቱ አራት ገጽ። ሁሉንም ጮክ ብዬ ነው የማነበው፤ ብቻውን የተማረ ሰው በዓይኑ ብቻ ማንበብ አይሆንለትም። «ደም መፍሰስ» የሚለው ጋ ስደርስ ሮማነወርቅ ከላይ ወለሉን ረገጠች። ዝም በይ ማለቷ ነው።

ቢሰረዝስ ብዬም አሰብኩ። ሰው በመንቀጥቀጥ አይሞትም። ለአንድ አሮጊት ይህን ሁሉ ሐኪም ማስቸገር ምንድነው? ደግሞ አንዳንድ ነገር ለሰው የሚገባው ሆኖ ይሰጠዋል። ይህን ለሒክማ አላልኳትም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 3

ከጁምዓ በኋላ ሼሁን ጠበቅኳቸው። ማማረር ሹክር ማጣት፣ ለአላህ ምስጋና ማጓደል፣ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበር። እኛ ወሎ ላይ ያደግነው ሰብር፣ ታገሺ፣ እየተባልን ነው።

ፈገግ አሉ። «ዙህራ፣ ለሐኪም መናገር ምሬት አይደለም፤ ምስክርነት ነው። ሲጠየቁ ምስክርነትን መደበቅ ነው ኃጢአቱ።»

ጀዛከላህ ብዬ ወጣሁ። ጃንጥላዬን እዚያው ረስቼው ነው የመጣሁት። በጣም ረጠብኩ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

ትምህርቱ ሳይገባኝ አልቀረም። ጠዋት ቴሌግራፍ አቬኑ ካለው የሐበሻ ካፌ ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። ለብ ያለ ነበር። አስተናጋጁን ልጅ ጠራሁት። «ልጄ፣ ቀዝቅዟል» አልኩት። «ይቅርታ እማማ» ብሎ የሚፋጅ ይዞልኝ መጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ምድር አልተሰነጠቀችም። ስድሳ ስምንት ዓመት ስንት ቀዝቃዛ ሻይ ጠጥቻለሁ።

በዚሁ ሞቅታ ሳለሁ ማታ ሮማነወርቅ ሽሮዋን ይዛልኝ ወረደች። «እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጨው በዝቶበታል። በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይላል።»

የድስቱን ክዳን ገጠመች።

«ሽንኩርቱ አልበሰለም» ጨመርኩ፤ ኮከብ የሚሰጠኝ መስሎኝ።

ድስቷን ይዛ ወጣች። እኔ የበላሁበትን ሳህን ሳይቀር።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ሮማነወርቅ አራት ቀን አልወረደችም። ቤቱ ጸጥ ሲል ሌላ ነገር ይሰማኛል። የሼሁ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሙሐመድዘይን ኤርፖርት ታክሲ ይነዳ ነበር። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ደረቴን ከበደኝ አለ። እሑድ ላብ አሰጠመው። ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ደወለ፤ አዲስ መድኃኒት ሰጥተውት ነበርና እንዴት ሆነ ብለው። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሱ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ያየኛል። ሴትዮዋ ጠየቀችኝ። እኔም የማውቃትን አልኩ፦ «ሂ ኢዝ ፋይን፣ ታንክ ዩ።» ሴትዮዋ ደስ አላት። እኔም ያለ ሰው እርዳታ እንግሊዝኛ ተናግሬ ስለጨረስኩ ትንሽ ኮራሁ።

ማክሰኞ ልቡ ቆመ።

እንግሊዝኛ ስለማልችል ነው እያልኩ ስንት ዓመት ለራሴ ነግሬያለሁ። ግን «ኖት» የምትለዋንም ያኔ አውቃት ነበር። ያላልኩት ሰው ማስቸገር ስለማልወድ ነው። እሱም ተይ አላለኝም፤ አየኝ ብቻ።

ለሒክማ ነግሬያት አላውቅም። አባቷ በድንገት ሞተ ነው የምትለው።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17

ደረጃውን ወጥቼ የሮማነወርቅን በር አንኳኳሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የወጣሁት። በሩን ስትከፍት ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ስምንት ቀን ሙሉ አልመጣሽም። ከፋኝ።»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «አሁን ተመረቅሽ» አለች። «የሽሮውን ግን አልረሳውም። እስክሞት አነሳዋለሁ።»

«አንሺው።»

«ጨውም አልበዛበትም።»

«በዝቶበታል።»

ተቀምጠን እስከ መግሪብ ሶላት ተከራከርን። ጤናማ ክርክር ነበር።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 21

ነገ ነው። ሳን ሆዜ፣ ሒክማ ቤት። የሚንቀጠቀጠውን የሚያበርደውን ኪኒን ከልክለውኛል፤ እጄ ብቻዋን ከበሮ ትመታለች። ከፊት ፀጉሬን ይላጩኛል። ሻሽ አለኝ። አልፈራሁም። ሒክማ ሦስት ጊዜ ፈራሽ ወይ አለችኝ፤ ሦስት ጊዜ አልፈራሁም አልኩ። ዲና ቅንድቧን አወረደች።

እሺ። ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 25

ሒክማ ቤት ነኝ። ደህና ወጣሁ። ሽቦው ገና ከባትሪ አልተገናኘም፤ አንጎሌ በመነካቱ ብቻ እጄ ለጊዜው ትረጋለች፣ ከዚያ መንቀጥቀጡ ይመለሳል ብለውኛል። ስለዚህ ፊደሌ ቀጥ እንዳለ ፈጥኜ ልጻፈው።

ራሴን በብረት ቀለበት በብሎን አሰሩት፤ አስቀድመው በመርፌ አደንዝዘውኝ ስለነበር መጫኑን እንጂ ሕመሙን አላወቅሁም። ሲበሱኝም አላመመኝም፤ ድምፁ ግን ጎረቤት ሥዕል ሊሰቅል ግድግዳ ሲበሳ እንደሚሰማው ነው፤ ግድግዳው እኔ ነኝ። አቶ ፍሬምናጦስ አረንጓዴ ቆብና ማስክ አድርጎ አጠገቤ ተቀምጧል። ክራቫቱን አስወልቀውታል፤ ድምፁ ግን አሁንም አስሯል።

«አሁን ኤሌክትሪኩን ከፍ አደርጋለሁ» አለች ዶክተር ትራን። «እጅዎን ያንሱ።»

አነሳሁ። ቆመች። እጄ አየር ላይ እንደ ሰው እጅ ቆመች። እስክሪብቶ ሰጡኝ፣ ጥምዝ መስመር ሣይ አሉኝ፤ የቀንድ አውጣ ቤት የመሰለ ንጹሕ ጥምዝ ሣልኩ። በልቤ፣ ያ ረቢ፣ ከዚህ ቦታ አታንቀሳቅሰኝ አልኩ።

ወዲያው የአፌ ጥግ ወደ አንድ ወገን ተሳበ። ምላሴ የረጠበ ጨርቅ ሆነ።

«እንዴት ነዎት?» አለች።

አሰብኩ። እኔ ድሮም ዝምተኛ ነኝ፤ ምላስ ምን ያደርግልኛል? ሰው እጅ አግኝቶ ምላስ ቢሰጥ ከሰረ አይባልም። እጄን አየኋት፤ አትንቀሳቀስም። ደህና ነኝ ካልኩ የእኔ ናት።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ «ደህ...»

አቶ ፍሬምናጦስ ጠበቀ። ግማሽ ቃል አይተረጎምም።

ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየኝ። የሚገፋፋ ዓይን አይደለም፤ የሚጠብቅ ነው። ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚያየኝ ሰው ታየኝ።

«ደህና አይደለሁም» አልኩ። «ምላሴ ከብዶኛል፣ አፌ ተጣሟል። እሱም ደህና አልነበረም። ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እያየኝ።»

አቶ ፍሬምናጦስ አንድም ሳያስቀር በእንግሊዝኛ አወጣው፤ እኔ እንዳልኩት፣ «እኔ ነኝ» ብሎ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ።

«ማነው ደህና ያልነበረው?» አለች ዶክተሯ።

«ባለቤቴ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው።»

ከራሴ በላይ ከተጋረደው መጋረጃ ማዶ «ሰምቻለሁ» አለች። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። አሁን ሽቦውን ላንቀሳቅሰው ነው። እጅዎ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ አይደንግጡ።»

እጄ ተመልሳ ከበሮዋን ያዘች። አለቀስኩ፤ ራሴ ስለታሰረ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ነው የፈሰሰው። አቶ ፍሬምናጦስ በሶፍት ጠረገልኝ፤ ይህን የሙያው ደንብ ይፍቀድለት አይፍቀድለት አላውቅም።

ሁለት ሚሊሜትር አሉ። እንደገና ከፍ አደረገችው። እጄ ቆመች። ምላሴም የራሴ ነው።

«እንዴት ነዎት?»

«እግሬን በርዶኛል።»

ካልሲ አመጡልኝ።

«ሌላስ?»

«ሙዚቃው አይጥመኝም።»

አጠፉት። ሌላም ጨምሬ ነበር፤ አምፖሉን፣ ጥማቱን፣ የብረቱን መጫን። መጨረሻ ላይ ዶክተሯ አንድ ነገር አለችና ሁሉም ሳቁ። አቶ ፍሬምናጦስ ተረጎመው፦ «ዶክተሯ ወይዘሮ ዙህራ አሁን ይበቃዎታል ይላሉ።»

ወደ ማገገሚያው ሲገፉኝ ጎንበስ ብሎ ሹክ አለኝ። «እዚያ ክፍል የተነገረው እዚያው ይቀራል። እኔ ለማንም አልናገርም። ለቤተሰብ መንገር የእርስዎ ነው።»

ሒክማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እማዬ፣ ምን አልሻቸው? ነርሷ አቅፋኝ ሄደች።»

«እግሬን በርዶኝ ነበር» አልኳት።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ባትሪው ገባ። ለዚህ አስተኙኝ። ቆዳዬ ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ጉብታ አለ። መንቀጥቀጡም እንዳሉት ተመልሷል፤ ጥንዚዛዎቼ መጥተዋል። ማሽኑ የሚበራው በወሩ መጨረሻ ነው። ለሒክማ አልነገርኳትም። ዛሬ ደክሟታል ብዬ ነው። ትናንትም ደክሟት ነበር።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 25

ማሽኑ የሚበራበት ቀን። መንገዱ ተዘግቶ መኪናው በእግር ይሄድ ነበር። ሒክማ ከመሪው ጋር ታስራለች፣ እኔም ከወንበሩ። ማናችንም ማምለጥ አንችልም። ነገርኳት። የስልኩን፣ የሶፋውን፣ «ኖት» የምትለዋንም።

አልጮኸችም።

«እሑድ ለእኔም ደውሎ ነበር» አለች። «ያኔ የምንኖረው ካምቤል፣ ሳን ሆዜ አጠገብ ነበር። ድምፁ ደህና አልነበረም። ልምጣ ወይ አልኩት። ደህና ነኝ፣ አትድከሚ አለኝ። ዲና ትንሽ ነበረች፣ ደክሞኝ ነበር። ደህና ነኝ ሲለኝ ደስ አለኝ፣ እማዬ። ደህና እንዳልሆነ እያወቅሁ።»

«ዘጠኝ ዓመት ይህን ይዘሽ?»

«አንቺስ?»

መንገዱ ተከፍቶ እኛ አልተንቀሳቀስንም ነበር። ከኋላ ያለው ሰውዬ ጥሩምባውን ነፋ፣ ነፋ። እሱን ማማረር ማንም አላስተማረውም። ሒክማ እያለቀሰች ሳቀች። እኔም።

ነርሷ ትንሽ ሰሌዳ ነካክታ ማሽኑን አበራችው። ጉንጬን ነዘረኝ፤ ነዘረኝ አልኩ፤ አስተካከለችው። ጣቴ ደነዘዘ፤ ደነዘዘ አልኩ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ተባብለን ሻይ በሙሉ ብርጭቆ ይዤ ክፍሉን ዞርኩ።

ጣፋጭ አልነበረም። ነገርኳት፤ ስኳር አመጣችልኝ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 28

ነገ ረመዳን ነው። ጠዋት ከመደብር ምስርና ቴምር ገዛሁ፤ ሮማነወርቅ እህቷ ጋ አልባኒ ሄዳለች። ከሰዓት ሒክማ ደወለች።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

እጄ ረግታለች። ራሴን አያመኝም። ቁስሉ ደርቋል። የሚነገር በሽታ ፈለግሁ፤ የለም።

«ደህና አይደለሁም» አልኩ።

«ምን ሆንሽ? ማሽኑ ነው? ዶክተሯን ልጥራት?»

«ማሽኑ ደህና ነው። ብቻዬን መሆን ሰልችቶኛል። ዛሬ ከዲና ጋር መጥታችሁ እደሩልኝ።»

ይህን የመሰለ ነገር ከአፌ ሰምታ አታውቅም። እኔም ሰምቼ አላውቅም።

«በዚህ ትራፊክ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ጫማዬን ላድርግ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዝናቡ በረታ። ተመለሺ፣ መንገዱ አደገኛ ነው፣ ቀልዴን ነው ልላት አሰኘኝ። አልደወልኩም። ለሁለት ሰው መኝታ አነጠፍኩ። አሁን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ መንገዱን እያየሁ ነው።